አዬዮ ጭንቅ ይዟታል

ልጄ ዝም ያለች ጊዜ ነው አደጋው የገባኝ።

ኮምፒውተር ላይ ስትቀመጥ አፏ አያርፍም። ትጨቃጨቀዋለች፣ ትሰድበዋለች፣ «እንቢ አልክ? ቆይ ብቻ» ትለዋለች። እኔ በረንዳ ላይ ሆኜ ወደ ገበያ የምወስዳቸውን የሱማሌ ቀሚሶች፣ ድሪያዎቹን፣ ሳጣጥፍ እሷን እየሰማሁ ቤቱ ሰው የሞላበት ይመስለኝ ነበር። ያን ሰኞ ጠዋት ግን አንድ ቃል ጀምራ አቋረጠችው። ጠበቅኩ። ስድብ የለም፣ የወንበር ድምፅ የለም። የያዝኩትን ልብስ ጥዬ ገባሁ።

ሥዕሉን ከዚያ በፊት አውቀዋለሁ። ክረምቱን ሙሉ ስትሠራው የኖረችው ነው። ዳር ዳሩ ሰማያዊ፣ መሀሉ ላይ ባዶ የተተዉ ክፍሎች፣ በክፍሎቹ መካከል ደግሞ ምሰሶዎች። ምሰሶዎቹ አረንጓዴ ሆነው ጠርዛቸውን ቢጫ ነካ ያደርጋቸዋል። «ይህን ጥለት ጨርቅ ላይ አሳትመሽ ብትሰጪኝ ባንድ ገበያ እጨርሰዋለሁ» እያልኩ እቀልድባት ነበር። አሁን ግን ትልቁ ምሰሶ ወገቡ ላይ ቀልቷል። ቀዩ ከግራም ከቀኝም መጥቶ መሀል ላይ ተገናኝቷል።

«ምንድነው ይሄ?» አልኳት።

«አዬዮ ናት» አለች። ከዚያ ፊቷን ሳታዞር፣ «እማዬ፣ አባዬ መቼ ነው የወጣው?»

ጎህ ሳይቀድ ነበር የወጣው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ባሌ ጅጅጋ የመጣው በለሳኝነት ነው። ከተማዋ የክልል መቀመጫ ሆና ቢሮ በቢሮ ላይ፣ ሆቴል በሆቴል ላይ ሲሠራባት ጊዜ ጀሶ አሳምሮ የሚለስን ሰው ይፈለግ ነበር። ከሸዋ ተነሥቶ መጣ፣ እኔም ልጄን አዝዬ ተከተልኩት። ጣሪያ ሥር ቆሞ ሽቅብ ሲለስን፣ ሽቅብ ሲለስን አንገቱን ታመመ። ያኔ ጀሶው ራሱ ከሚወጣበት ቦታ ሥራ አገኘ፤ የሀርሺንን መንገድ ይዞ ሄዶ ገባ ብሎ ካለ ኮረብታ ሥር። እዚያ ጀሶውን ከላይ ገልጠው አይደለም የሚያወጡት፤ ከላይ ያለው ደረቅ ድንጋይ ነው። እንደ ጉንዳን ከጎን ቆፍረው ይገቡና ነጩን ከሥር እየፈለጡ ያወጣሉ። ጣሪያው እንዳይወርድባቸው መሀል መሀል ላይ ሳይነኩ የሚተዉት አለ፤ ምሰሶ የሚሉት ያንን ነው። ቆፋሪዎቹ ሱማሌም አሉ፣ አማራም፣ ኦሮሞም። አብረው ሲውሉ ለየምሰሶው ስም አውጥተውለታል። አንዱ «ዘበኛው» ነው፣ አንዷ «ሙሽራዋ»። መሀል ያለችውን፣ ከሁሉ የወፈረችውን «አዬዮ» ይሏታል። አዬዮ በሶማልኛ አያት ማለት ነው። ቤቱን ሁሉ የተሸከመች እሷ ስለሆነች።

እኔ ፈሪ ሴት ነኝ። ይህን ሳልናገር ብቀጥል ውሸት ይሆንብኛል። ባጃጅ ዘንበል ስትል የማላውቀውን ሰው ክንድ የምይዝ ነኝ፣ ጎረቤቶቼም «ድንጉጧ» እያሉ ነው የሚጠሩኝ። ዋሻው ውስጥ የገባሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በፋሲካ ማግስት ምግብ ይዤለት ሄጄ። እጄን ይዞ በመብራት እየመራ አስገባኝና መዳፌን አዬዮ ላይ አስቀመጠው። ውሃ እንደሞላ እንስራ ቀዝቅዛ አልቧት ነበር። «ሰላም በያት» አለኝ እየሳቀ። እኔ ግን ሽቅብ ነው ያየሁት። ከዚያን ቀን ወዲህ ጣሪያ አላምንም። በገዛ ቤቴ ተጋድሜ ቆርቆሮውን አየዋለሁ፤ ምን እንደያዘው እፈልጋለሁ።

ልጄ ዩኒቨርሲቲ የገባችው በማዕድን ምህንድስና ነው። የመጨረሻ ዓመቷ ላይ የመመረቂያ ሥራ ሲባል ሌሎቹ የሩቅ አገር ማዕድን መረጡ። እሷ ግን «የአባዬን ዋሻ እሠራለሁ» ብላ ክረምቱን እቤት መጣች። አባቷ የለካላትን ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ ታስገባለች። የመለኪያ ሜትሩ በጀሶ ተጣብቆ አልሳብ ስላለው ባሌ የሚለካው በሲባጎ ነበር። እየቋጠረ ያመጣዋል፣ እሷ እመሬት ላይ ዘርግታ ትለካዋለች። የአዬዮን ወገብ የዞረበትን ሲባጎ ያመጣ ዕለት፣ «ምን ልብስ ልታሰፋላት ነው?» ብዬ ስቄበታለሁ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያ ሦስተኛ ክፍል ደርሼ አቋረጥኩ። ቢሆንም ልጄ የምትሠራውን ማወቅ ፈለግኩና እያስቸገርኩ ጠየቅኳት። ድንጋዩን ኮምፒውተሩ ውስጥ እንደ ወንፊት ዓይን ከፋፍላ ከፋፍላ ታስቀምጠዋለች። ከዚያ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ዓይን፣ አንተ ምን ያህል ተሸክመሃል፣ ብሎ ይጠይቀዋል። አንዱ ተቆፍሮ ሲወጣ ጎረቤቶቹ እንደገና ይጠየቃሉ። የሱን ድርሻ እነሱ ተቀብለውታልና።

«ሸክሙ አይጠፋም፣ እማዬ» አለችኝ። «ትከሻ ነው የሚቀይረው።»

ይህ አልከበደኝም። አባቷ አንገቱን የታመመ ጊዜ ወደ ማን ትከሻ እንደዞረ የማውቅ እኔ ነኝ።

የሚጠየቁትን ነገር ስሙን በፈረንጅ አፍ «ስትረስ» አለችው። ባማርኛስ አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ጭንቀት በይው» አለች። በጣም ሳቅኩ። ድንጋይ ይጨነቃል ወይ? ቆይቶ ግን ሳቁ ተወኝ። እኛ ጭንቅ የምንለው ሁለት ነገር ነው። ሴት ስትወልድ ጭንቅ ይዟታል ይባላል። ሰው ነፍሱ ልትወጣ ስታጣጥርም ጭንቅ ይዞታል ይባላል። ሁለቱም ላይ ያለው ሰው የተሸከመው ከአቅሙ በላይ ነው። ከዚያ በኋላ ባሌ ማታ ሲመጣ ልጄን «የአዬዮ ጭንቅ እንዴት ነው?» እላት ነበር። እሷም «አረንጓዴ ናት፣ ችላዋለች» ትለኛለች፤ እኔም በዚያ እተኛለሁ።

እንግዲህ ቅዳሜ ዕለት ባሌ አዲስ ሲባጎ ይዞ መጣ። ልጄ ከድሮው ጎን ብትዘረጋው ከስንዝር በላይ አጠረ። «ከስታለች» አለ አባቷ እየበላ። ጀሶ ገበያው ስለደራ፣ ደግሞ የአዬዮ ነጩ ከሁሉ የጠራ ስለሆነ፣ የጉድጓዱ ባለቤት፣ ባለካባው፣ ዙሪያዋን ፍቁልኝ ብሏቸዋል። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ጋሪ ዞሮ ከሚሄድ በመሀሏ በር እናወጣላታለን አለ። ዝናቡ ከጣለ ወዲህ እንደ ሽንኩርት ትላጣለች፤ ሰሞኑንማ ታወራለች፣ ጠቅ፣ ጠቅ ትላለች፤ ልጆቹ «አዬዮ መቁጠሪያዋን ይዛለች» እያሉ ይስቃሉ። እሱም ሳቀ። ልጄ የያዘችውን ጉርሻ መልሳ ትሪው ላይ አስቀመጠችው።

እሑድ መብራት አልነበረም። ያ ኮምፒውተር ደግሞ ባትሪው የሞተ ነው፤ ካልተሰካ አይነሣም። ልጄ አባቷን ሰኞ አትሂድ አለችው። ያለ ምክንያት ብቀር ቦታዬን ሌላ ይይዘዋል አላት። ምክንያቱ ገና ኮምፒውተሩ ውስጥ ነበር። መብራት የመጣው እሱ ከሄደ በኋላ ነው። አጭሩን ሲባጎ አስገባች፣ በዝናብ የራሰ ጀሶ አቅሙ እንደሚደክም አስገባች፣ በሩን አስገባች። ከዚያ ዝም አለች።

«መቼ ነው የሚሆነው?» አልኳት።

«ቀኑን አይነግረኝም፣ እማዬ። ቦታውን ነው የሚነግረኝ። በሩ ከወጣ ግን አትችለውም።»

የባሌ ስልክ ጥሪ አይቀበልም፤ እዋሻው ውስጥ መስመር የለም። ባለካባው ግን አነሣ። ልጄ በትሕትና፣ ጋሼ እያለች አስረዳችው። ድምፁ ከስልኩ ወጥቶ ይሰማኝ ነበር። እሱ እዚያ ኮረብታ ላይ የኖረውን ያህል እሷ በምድር ላይ አልኖረችም አላት። ቀጥሎ፣ «ለመሆኑ ኮምፒውተርሽ ድንጋይ ተሸክሞ ያውቃል?» ብሎ ሳቀና ዘጋው።

በባጃጅ ወደ መናኸሪያ በረርን። ልጄ ኮምፒውተሩን በጨርቅ ጠቅልላ አቅፋዋለች፤ በባለካባው የጭነት መኪና ላይ መሰኪያ አይጠፋም፣ ሥዕሉን ሲያይ ያምናል ብላ። የሀርሺን ሚኒባስ ካልሞላ አይነሣም። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጣራል። አንድ ሰው ይገባል፣ አንድ ሰው ጫት ረስቼ ብሎ ይወርዳል። እኔ ተኮራምቼ ብቀመጥ አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ብርድ መስሏቸው ሻርፓቸውን ጣል አደረጉልኝ። በልቤ በሩን አየው ነበር። አሁን መሮውን ያዘ፣ አሁን መታ፣ አሁን አንድ ጉርድ ወደቀ። በየምቱ ዓይኔን እጨፍናለሁ።

ኬላ ላይ አስወረዱን። ፈታሹ የልጄን ጥቅል ገልጦ ኮምፒውተሩን ሲያይ ቆመ። ኮንትሮባንድ የሚመጣው ከድንበር ወደ ከተማ ነው፤ እኛ ተገላቢጦሽ ነበርን።

«ሰው ሁሉ ኮምፒውተር ከዚያ ወደዚህ ነው የሚያመጣው» አለ። «እናንተ ወደዚያ? ለግመል ልትሸጡለት ነው?»

ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀ። አብሪው አላት። ካልተሰካ አይበራም አለችው። የማይበራ ኮምፒውተር ይዘሽ የት ነው የምትሄጂው አላት፤ እውነት ለመናገር እኔም በሱ ቦታ ብሆን ያው ነበር የምጠይቀው። ደረሰኝ ጠየቀ፤ እቤት ነው። እንግዲያው እዚህ ይቀመጥና ስትመለሱ እናየዋለን አለ። የክረምት ሥራዋ፣ የመመረቂያዋ ነገር ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ኮምፒውተሩን አየች፣ ሾፌሩን አየች፤ ሞተር አላጠፋም። ጠረጴዛው ላይ ትታው ገባች። እኔም አጽናናሁሽ ብዬ አላስቸገርኳት።

መገንጠያው ላይ ወርደን በእግር ስንሄድ ልጄ ልታስረዳው ያሰበችውን በአፏ ትለማመዳለች። ጭነት፣ አቅም፣ ርጥበት። እኔም የበኩሌን እለማመዳለሁ። ለቆፋሪ በቆፋሪ ቃል መንገር ነው የሚሻለው አልኩ። ምን ልበል? ልጄ ክረምቱን ሙሉ ያስተማረችኝ አንድ ቃል ነው፣ እሱን እላለሁ።

ባለካባው የጭነት መኪናው ጥላ ውስጥ ቆሟል። ልጄ ወደሱ ሄደች። እኔ ወደ ዋሻው አፍ ሮጥኩ።

አፉ ላይ የሚቆመው፣ ጋሪ የሚቀበለው ሱማሌ ነው፤ ረጅም፣ ቀልደኛ ሰው። አማርኛን የለመደው ገበያ ውስጥ ነው። እኔን «ሁዮ» ይለኛል፣ እናቴ እንደማለት። አያቱ ጅጅጋ ከኛ ሰፈር አይርቁም፤ ድሪያ የሚገዙት ከእኔ ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ስደርስ ግን አንዱም ትዝ አላለኝም፤ ትንፋሼም አጥሮኛል።

«አዬዮ ጭንቅ ይዟታል» አልኩት።

ፊቱ ተለወጠ። «አዬዮ?»

«አዬዮ። ዛሬ ጠዋት ልጄ አይታታለች። የምትችለው አይደለም። ሰዎቹ ቶሎ ይውጡ።»

ሌላ አልጠየቀኝም። ወደ ዋሻው ዞሮ ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ ተጣራ። የኔ ሶማልኛ የገበያ ነው፤ ዋጋና ቀለም አውቃለሁ። አንዱን ቃል ግን ማንም ያውቀዋል። «ዲማነይሳ» አለ። እየሞተች ነው ማለት ነው። ድምፁ መሀል ላይ ተሰበረ።

ያኔ ነው የሰማውን የሰማሁት። የሱ አዬዮ መስላዋለች። ልመልሰው አፌን ከፈትኩ። ከውስጥ ግን የመሮው ድምፅ ቀጥ አለ፣ መብራቶች ወደ እኛ መዞር ጀመሩ። የአንዱ ሰው አያት ስታጣጥር ሌላው መሮ ይዞ አይቆይም፤ እዚያ አገር እንደዚያ ነው፤ ሃይማኖትም ዘርም ሳይባል ሁሉም ይወጣና አብሮ ይቆማል። አፌን መልሼ ዘጋሁት።

አንድ በአንድ ወጡ፤ ቅንድባቸው ሳይቀር ነጭ። እየመጡ የሱን ትከሻ ይይዛሉ፣ «አላህ ያቅልልላት» ይላሉ፣ «እግዜር ያቅልልላት» ይላሉ። እሱ ስልኩን ይዞ መስመር ወደሚገኝበት ጉብታ ሮጠ። እኔ የማየው የሚወጣውን ፊት ብቻ ነው። ይህም አይደለም። ይህም አይደለም። ባሌ በሩ ላይ ነበር፣ ከሁሉ በጥልቁ ቦታ። ዋሻው ባዶ ሆነና መብራት የሚባል ጠፋበት። ማርያም፣ ማርያም አልኩ፤ ለወላድ እንደሚባለው። ከዚያ አንድ መብራት ከጥግ ዞረ። እየተጎተተ፣ አንገቱን እያሸ መጣ።

«አንቺ ደግሞ ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አለኝ።

ያን ጊዜ ያ ጋሪ ተቀባይ ሱማሌ ከጉብታው ወረደ። ሩጫ የለ፣ ልቅሶ የለ። መሀላችን መጥቶ ቆመ።

«አዬዮ ራሷ አነሣችው» አለ። «ስትመጣ ስኳር ያዝ አለችኝ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ምን ልበል? እጄን ወደ ዋሻው ዘረጋሁ። «ያችኛዋ ናት» አልኩ። «የናንተዋ።»

ሳቁ የሚቆም አልመሰለኝም። አንዱ መሬት ላይ ተቀመጠ። አንዱ የጠራ አማርኛ እየተናገረ ያቺ ምሰሶ ምጥ ይዟት ከሆነ ወንድ ነው ወይስ ሴት የምትወልደው? አለኝ። ሰውዬው ራሱ ከሳቀ በኋላ፣ «ሁዮ፣ እኔን ግማሽ ገደልሽኝ» አለ። ባለካባው ልጄን አስከትሎ መጥቶ ነገሩን ሲሰማ አልሳቀም። እናትና ልጅ ተማክራችሁ ሥራ አስፈታችሁኝ አለ። «ኮምፒውተር ነው ያለሽ ወይስ ቃልቻ?» ብሎ ልጄን ጠየቃት። ሰዎቹን ግቡ አላቸው። አንዳንዶቹ ጎንበስ ብለው መሮ ማንሣት ጀመሩ።

ባሌ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። «ሰው ፊት አዋረድሽኝ» አለ ቀስ ብሎ። ፊቱ ከጀሶው ሥር ቀልቶ ነበር። መብራቱን አስተካከለና ዞረ።

ያን ጊዜ ያደረግኩትን አስቤ አላደረግኩትም። ዋሻው አፍ መሀል ላይ ቁጭ አልኩ። ከጀርባዬ የሚወጣው አየር ቀዝቃዛ ነበር፤ ፈሪነቴ ሁሉ ማጅራቴ ላይ ተሰብስቦ ነበር። ከሁሉ የምፈራው ቦታ ላይ ነኝ።

«ተነሽ» አለኝ።

«ረግጠኸኝ እለፍ።»

ረግጦኝ አያልፍም፤ አውቃለሁ። ግን ባጠገቤ ሊያልፍ አንድ እግሩን አነሣ። ልጄ ነች ያቆመችው። ወደ ባለካባው አላየችም፣ ወደ ሰዎቹም አላየችም።

«አባዬ፣ በሩ የት ደረሰ?»

«እጄን ሳስገባ ወዲያኛው ጎን ደርሷል» አለ፤ በሥራው ሲጠየቅ ሁልጊዜ በትክክል ነው የሚመልሰው።

«እና አሁን ስትወጣ አዬዮ ታወራ ነበር? ጠቅ ጠቁ አለ?»

ሊመልስ ጀመረና ቆመ። ሌሎቹን አያቸው። አንዱ ራሱን ነቀነቀ።

«ዝም ብላለች» አለ ባሌ። «ከጠዋት ጀምራ ዝም ብላለች።»

ልጄን አየኋት። እሷም አየችኝ። ያን ዕለት ጠዋት በረንዳ ላይ ሆኜ የሰማሁት ዝምታ እንደገና በጆሮዬ መጣ። ሥራ ላይ ያለ ሰው ያጉረመርማል፤ የያዘው ከአቅሙ በላይ ሲሆን ነው ዝም የሚለው። ባሌም የገባው ይመስለኛል። ያነሣውን እግር መለሰው። ብብቴ ሥር እጁን አስገብቶ አነሣኝና ከአፉ ወደ ጎን ወሰደኝ። ሰዎቹም ሳይነጋገሩ መሮውን እየጣሉ ተከተሉን። ባለካባው ብቻውን ቀረና ይናገር ጀመር፣ የዕለቱ ሥራ እንዲህ፣ የነገ ጭነት እንዲህ። አንዱም ወደ ኋላ አልተመለሰለትም። ሲደክመው እሱም ወደ መኪናው ጥላ ሄደ።

ምን ያህል እንደተቀመጥን አላውቅም። አንዱ ውሃ ያዞር ነበር፤ ተራዬ ደርሶ ጎንጨት እንዳልኩ ነው። መጀመሪያ የመጣው ድምፅ አይደለም፤ ነፋስ ነው። ዋሻው እንደ ሰው ተነፈሰ። ነጠላዬን ከራሴ ላይ ገፎ ወሰደው። ነጭ አቧራ ካፉ ወጥቶ ጋሪውን ዋጠው፣ ቅድም የተቀመጥኩበትን ቦታ ዋጠው። ድምፁ ከዚያ በኋላ በእግራችን ሥር መጣ፤ በጆሮ ሳይሆን በአጥንት የሚሰማ። ኮረብታው ላይ ያለች አንዲት ግራር ቀስ ብላ ዘመም አለች።

ሰዎቹ እርስ በርስ ይነካካሉ፣ የያንዳንዳቸውን ስም ይጠራሉ። ሁሉም መለሰ። ባሌ እጄን እንደያዘ ነበር፤ እንደያዘ ያወቅኩት ሲያመኝ ነው።

«አዬዮ አረፈች» አለ ያ ሱማሌ ቀስ ብሎ። ወዲያው አፉን በመዳፉ ያዘ። «የኔዋን አይደለም» አለ ወደ ሰማይ እያየ። ማንም አልሳቀም፤ ኋላ ግን መኪና ላይ ሆነን አንዱ ሲጀምር ሁላችንም ሳቅን፣ ሳቁም ወደ ልቅሶ ዞረብን።

ልጄ ከሁሉ በኋላ ነው የተናገረችው። ዛሬ ይሆናል አላልኩም ነበር ትላለች፣ ዛሬ አላልኩም፣ ቦታውን ነው ያልኩት። አባቷ አቀፋት። ጥቁር ልብሷ ነጭ ሆነ።

 ባለካባው የጭነት መኪናውን ሾፌር አድርሳቸው አለው። ኬላው ላይ ፈታሹ ኮምፒውተሩን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ ሊያቀብለን መጣ፤ እኛን ሲያይ፣ ሁላችንም ከራስ ጠጉራችን እስከ እግራችን ነጭ ሆነን፣ ቀልዱን ዋጠው። «ምን አገኛችሁ?» ብቻ አለ። ልጄ ኮምፒውተሩን ተቀብላ እንደ ሕፃን ታቀፈችው። ከዚያም ጨርቁን ገልጣ፣ እየደጋገመች ትሰድበው ጀመር፤ አንተ ባትሪህ የሞተ፣ አንተ ሰነፍ፣ ቢያንስ ለዛሬ እንኳ ብትበራ ምን ነበረበት። ስድቧን እየሰማሁ ከፀጉሬ ላይ ጀሶውን አራገፍኩ።

ጅጅጋ አስፋልት ላይ ስንወጣ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ባጃጆቹ እንደልማዳቸው ይጋፋሉ። ቤት ገባን። ባሌ ፊቱን ሳይታጠብ በሩ ላይ ቆሞ ትንሽ አየኝ። ቀና ብዬ ቆርቆሮውን አላየሁም፤ እሱን ነው የማየው።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለኝ።

ይህ ለወለደች ሴት ነው የሚባለው። ሊቀልድብኝ ነበር ያሰበው፤ ግን ድምፁ ለቀልድ አልታዘዘለትም።

«ማረችኝ» አልኩት። «ወጥተናል። ሁላችንም እቤታችን ነን። አሁን ደህና ነኝ።»